የሄሮኒም ድንጋይ ጀርባ

ስድስት ዓመቴ ገደማ ነበር፤ እንጃ፣ ሰባትም ይሆናል። በአያቴ በሄሮኒም የድንጋይ መጥረቢያ ቤት፣ ከትልቁ ጠረጴዛ ስር ተቀምጬ ነው የሰማሁት። የሰማሁትም ግማሹን ነው፤ የቀረውን የመሮው ድምፅ በላው። የሰውዬው ቦት ጫማ ብቻ ይታየኝ ነበር፤ ጭቃ የያዘ፣ ተረከዙ ያለቀ። ሚስቱን ቀብሮ የመጣ ሰው ነው። «የድንጋዩ ዋጋ እንዴት እንዲህ ረከሰ?» አለ። አያቴ መሮውን አነሳ። «ከየት ነው አልኩህ እኮ፣ ሄሮኒም!» «ከየት እንደሆነማ ታውቃለህ» አለ አያቴ፤ «ካላወቅህ ደግሞ አትጠይቅ።» መሮው ጥቂት አንኳኳ፣ የሆነ ነገር አመለጠኝ። ቀጥሎ የሰማሁት፣ «ፊቱ ለሚስትህ ነው። ከጀርባው ጥድ ትተክልበታለህ፤ ሁሉም እንደዚያ ነው ያደረገው» የሚል ነበር። ሰውዬው ቆመ። ቦት ጫማው ወደ በሩ ዞረ፣ ተመለሰ። «ጥዱ እስኪያድግ ስንት ዓመት ይፈጃል?» ብሎ ጠየቀ።

ከተማችን ግራቦሺን በመቃብር ቦታዋ ጥዶች ትመሰገናለች። ከሌላ አጥቢያ የመጣ ሰው «እንዴት ያለ ጥላ ነው!» ይላል፤ እኛም እናመሰግናለን። የከተማችን ሰው ንጹሕ ነው። የበሩን ደፍ በየቅዳሜው ያጥባል፣ መጋረጃውን በዓመት አራት ጊዜ አውርዶ ይቀቅላል፣ ስለ ጎረቤቱ ሁሉን ያውቃል፣ የራሱን ግን አይናገርም። እህቴ ቦዠና በማዘጋጃ ቤት ስለምትሠራ ለከተማይቱ አምስት መቶኛ ዓመት የታተመችውን ትንሽ መጽሐፍ አምጥታልን ነበር። ስለ ቆዳ ፋቂዎቹ አለ፤ ስለ ሁለቱ ቃጠሎዎች፣ የሩስያ ንጉሥ የከተማነት መብታችንን ስለ መንጠቁ፣ ስለ እሳት አደጋ ጓዶች የሙዚቃ ባንድ አለ። አንድ ገጽ ላይ ደግሞ «በጦርነቱ ዘመን የነዋሪው ቁጥር በግማሽ ቀነሰ» ይላል። በቃ። ውሃ በበጋ እንደሚጎድል ጎደለ። የእሳት አደጋ መኪናዎቹ የሚያድሩበት ቤት የማን የጸሎት ቤት እንደነበር፣ ከጡብ ማቃጠያው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ በርች ዛፍ የበቀለው በምን ላይ እንደሆነ ማንም አይጠይቅም፤ የማያውቅ የለምና።

ድንች በሚለቀምበት ሰሞን የመጣው ነፋስ በመቃብር ቦታው አንድ ጥድ ብቻ ጣለ። ከሥሩ መንግሎ፣ ማንንም ሳይነካ፣ በመተላለፊያው ላይ አጋደመው። ያ ጥድ የአያቴ መቃብር ጥድ ነበር።

የቅዱሳን ሁሉ ቀን፣ ከተማው በሙሉ ሙታኑን የሚጎበኝበት በዓል፣ ቅዳሜ ሊውል፣ እኛ ሐሙስ ላይ ነን። እናቴ ጌኖቬፋ በወጥ ቤቱ መስኮት ስር፣ የሰም ጨርቅ በለበሰው ጠረጴዛ ላይ ድንች ትልጣለች። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ነፋሱ ከመጣ ወዲህ መቃብር ቦታው ድረስ አልሄደችም፤ ዳሌዬን አመመኝ ትላለች። ለቅዳሴ ግን ትሄዳለች፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ከመቃብሩ ይርቃል። እኔም አላነሳሁባትም። በኛ ቤት ነገር አይነሳም፤ ወለሉ ላይ እንደ ወደቀ ሳንቲም ሁሉም እያየው ይረግጠዋል።

«ሉቴክ፣ ገበያ ትሄድ የለ?» አለችኝ ቀና ሳትል፤ ሉትስያንን አሳጥራ እንዲህ ነው የምትጠራኝ። «ጥድ ግዛ። ከሰው ቁመት እንዳያንስ።»

«ለቅዳሜ ይደርሳል ብለሽ ነው?»

«ካልደረሰ ከተማው በሙሉ በዚያ መንገድ ነው የሚያልፈው» አለችና ድንቹን ወደ ውሃው ጣለችው።

አደባባዩ በነጭና በቢጫ አበባ ተሞልቷል። በማሰሮ የተተከለው ክሪዛንተም አበባ አምና ዘጠኝ ዝሎቲ ነበር፤ ዘንድሮ አሥራ ሁለት ገብቷል። ሴቶቹ ይከራከራሉ፣ አኩርፈው ይሄዳሉ፣ ዞረው መጥተው ይገዛሉ፤ ለሙታን በዓል ባዶ እጁን የሚሄድ የለም። ሁለት ነጭ ማሰሮና በብርጭቆ ውስጥ የሚነድ ስምንት ሻማ ገዛሁ። ችግኝ የምትሸጠውን ሴት ስለ ጥድ ጠየቅኋት። እስከ ጉልበት የሚደርሰውን አሳየችኝ፤ አሥራ አምስት ዝሎቲ። ሰው የሚያህል አልኳት።

«በሁለት ቀን? አቶ ሉትስያን፣ ልጅ እንኳ በዘጠኝ ወር ነው የሚመጣው!» ብላ ሳቀች፤ ጎረቤቷም አብራ ሳቀች። ቆይታ ግን የማን ጥድ እንደወደቀ ትዝ አላት መሰለኝ፣ ፊቷ ተለወጠ። አበባዎቿን ማስተካከል ጀመረች። «ለሚቀጥለው ሳምንት ላስመጣልዎ እችላለሁ። መቶ ስልሳ ይሆናል» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። አሳዘንኳት። ያ ከሳቁ ይልቅ ጎዳኝ።

አቶ ኬምፓ ከኋላዬ ቆመው ሰምተዋል። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ረጅም፣ ኮፍያቸውን ከግንባራቸው የማያነሱ ሰው። የእናታቸው መቃብር ከአያቴ በሦስተኛው ረድፍ ነው፤ ጥዱ ግንብ አክሏል። በልጅነቴ ከጠረጴዛው ስር ሆኜ ያየሁት ቦት ጫማ የአባታቸው ነበር። እሳቸው ይህን እንደማውቅ ያውቁ እንደሆነ አላውቅም። ክንዴን ይዘው ወደ ዳቦ ቤቱ ጥግ ወሰዱኝ።

«አያትህን ለቅዱሳን ቀን ራቁቱን ልታቆሙት ነው?»

«ጥድ የለም እኮ፣ አቶ ኬምፓ።»

«ሲሚንቶ አለ። እኔ ቤት ግማሽ ከረጢት ተርፎኛል፣ የግንበኛ ማንኪያውም አለ። ስስ አድርገህ ትለብጠዋለህ፣ እስከ ቅዳሜ ይነጣል፤ ከዚያ ማን ምን ያውቃል?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማኝ ልጄ። የናንተ ከተገለጠ ነገ አንዱ ጎበዝ ተነስቶ የሁላችንንም ጥድ መቆፈር ይጀምራል። እዚያ የተኛችው እናቴ ናት። አንተ ከድሮም ዝምተኛ ነህ፤ ዝምታህን ነው የምወድልህ።»

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። በከተማው ውሃ አገልግሎት ቆጣሪ አነባለሁ፤ ቤት ለቤት እገባለሁ፣ ሰው ይነግረኛል፣ እሰማለሁ። በሰሚነቴ ሲያመሰግኑኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ እግዚአብሔር የሰጠኝ ጸጋ አድርጌ እቆጥረው ነበር። በዚያ ጥግ ላይ ግን ምስጋናው አላስደሰተኝም። ቢሆንም «እሺ» አልኳቸው። ባልዲውን ራሳቸው ተሸክመው ነው ያመጡልኝ።

ቦዠና ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ቀድማ ደርሳለች። እጅጌዋን ሰብስባ፣ በሳሙናና በብሩሽ የድንጋዩን ፊት ትፈትጋለች፤ «ሄሮኒም ቭሮና፣ ድንጋይ ጠራቢ፣ በእግዚአብሔር ሰላም ያረፈ»። በዚህ ቀን ከተማው ሁሉ መቃብር ያጥባል፤ በየረድፉ ባልዲ፣ መጥረጊያ፣ «እንዴት ናችሁ፣ ዘንድሮስ ብርዱ ዘገየ» የሚል ወሬ። ሰዎች በኛ በኩል ሲያልፉ ሰላምታ ይሰጡና ዓይናቸውን ወደ ጫማቸው ይመልሳሉ። እኔ ወደ ጀርባው ዞርኩ። ጥዱ ሥሩን የነቀለበት ጉድጓድ ገና አልተሞላም። ድንጋዩ በዚህ በኩል ከፊቱ ይልቅ ያምራል፤ አርባ አራት ዓመት ዛፉ ከዝናብ ከልሎታል። ስድስት መስመር የዕብራይስጥ ጽሑፍ፣ ጫፉ ዛሬ የተቀረጸ የሚመስል። ከጽሑፉ በላይ መቅረዝ፤ ከሻማዎቹ አንዱ ከመካከሉ የተሰበረ ሆኖ ተቀርጿል። ከግርጌው ደግሞ አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ በመሮ ተፍቆ ሻክሯል። የሴት መቃብር እንደነበረ ይህን ያህል አውቃለሁ፤ በልጅነቴ አንድ የአውራጃ መምህር ከኮረብታው ላይ ሲናገር ሰምቻለሁ፣ መቅረዝ የሴት ምልክት ነው፣ የተሰበረ ሻማም ያለ ዕድሜዋ ሞተች ማለት ነው ሲል።

ሲሚንቶውን ከታች ጀመርኩ። የተፋቀውን ቦታ ሸፈንኩ፣ መጀመሪያው መስመር ሄደ፣ ሁለተኛው ሄደ። ከወዲያ በኩል የእህቴ ብሩሽ ይሰማኛል፣ ከወዲህ የኔ ማንኪያ። አንድ ድንጋይ ነው፤ እሷ ፊቱን ታጥባለች፣ እኔ ሌላኛውን ፊቱን እደፍናለሁ።

«ቦዠና።»

«አቤት?»

«ማን እንደሆነች አስበሽ ታውቂያለሽ?»

ብሩሹ ቆመ። «ሉትስያን፣ በፈጠረህ። የቢሮዬ ሰዎች ሁሉ ቅዳሜ እዚህ ያልፋሉ። ዞር ዞር ሳትል ጨርስ።» ብሩሹ ቀጠለ፤ ይልቁንም በረታ።

ስድስቱንም መስመሮች ጨረስኩ። እጄ ሥራውን ያውቀዋል፤ ከአያቴ አይቼ ነው ያደግሁት። አቶ ኬምፓ ከሦስተኛው ረድፍ መጥተው ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ተመለከቱ። ቀስ ብለው፣ ከልባቸው ነው ያሉት፤ «እጅህ ቁርጥ የሄሮኒም እጅ ነው።»

ማንኪያው መቅረዙ ላይ ደርሶ ነበር። የተሰበረውን ሻማ ስብራት ልሞላው ነው። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። «የቀረውን ከምሳ በኋላ» ብዬ ዋሸሁ፤ ጆንያ አልብሼው ሄድኩ። በመንገዴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። መቁጠሪያዬን አወጣሁ፤ በጣቶቼ መካከል የደረቀው ሲሚንቶ ፍሬዎቹን እየያዘ አላስኬድ አለኝ። አንድ ዙር እንኳ ሳልጨርስ ወጣሁ።

እናቴ የኮመጠጠ ጎመን ሾርባ በድንች አቀረበች። ሦስት ሳህን ነው፤ ቦዠና ግን ባልዲዋን ልታራግፍ ወደ ቤቷ ጎራ ብላለች። ወጥ ቤታችን ጠባብ ነው። የከሰል ምድጃው ግማሹን ይወስዳል፣ የእመቤታችን ሥዕልና ሬዲዮው አንድ መደርደሪያ ይካፈላሉ። ሁለት ሰው ሲቀመጥ ጉልበት ለጉልበት ይነካካል። እንደዚያ ሆነን ሾርባችንን በላን። እጄን ታያለች፣ አትጠይቅም። ሬዲዮው ነገ ጭጋግ ይሆናል አለ። ዳቦ ቆረሰች፣ ፍርፋሪውን በመዳፏ ሰበሰበች፣ ወደ ሳህኗ መለሰች።

«ጥድ የለም» አልኩ። «ሲሚንቶ ቀባሁት።»

«ሁሉንም?»

«እስከ መቅረዙ።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። መስኮቱን እያየች፣ ስለ ጎረቤት እንደሚወራ ባለ ድምፅ፣ «ፍራይዳ ናት» አለች። «ፍራይዳ ጋርባርዝ። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር።»

አያቴ ማንበብ አይችልም ነበር፤ ፊደልን እንደ ሥዕል ነበር የሚገለብጠው፤ ይህን አውቃለሁ። የማላውቀውን እናቴ ነገረችኝ፣ እየቆመች፣ ሳህን እያነሳች፣ መልሳ እያስቀመጠች። ጀርመኖቹ ድንጋዮቹን ከኮረብታው የአይሁድ መቃብር ነቅለው የእንጨት መሰንጠቂያውን ግቢ ሊያነጥፉባቸው ከመሩአቸው፤ ጦርነቱ ሲያልቅ እዚያው ተከምረው ቀሩ። አያቴ በጋሪ አመጣቸው። አሥራ አንድ ለመቃብር የሚሆኑ ነበሩ። የዕብራይስጡን ተወው፤ ማንም አያነበውም። ከግርጌ በኛ ፊደል የተጻፈውን ስም ግን መፋቅ ነበረበት። የድንጋይ ጠራቢዎች ሕግ አለ፤ ስም ድምፅ ወጥቶ ሳይጠራ አይፋቅም፣ የጠራቢው እጅ ይደርቃል ይላሉ። ማንበብ ስለማይችል ልጁን ጠራት።

«አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር» አለች እናቴ። «ንባቤ ጥሩ ነበር፤ በክፍላችን አንደኛ ነበርኩ። ጮክ በይ፣ ይለኛል። እጠራለሁ። እሱ ከኋላዬ ይደግማል፣ ያማትባል፣ መሮውን ያነሳል። ደስ ይለኝ ነበር፣ ሉቴክ። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቁም ነገር የፈለገኝ ያኔ ነው። የፍራይዳን መቅረዝ አልነካውም፤ ይህን የጠረበ ሰው ከኔ ይበልጣል ብሎ። ለራሱ አስቀመጣት።»

«ልጅ ነበርሽ እኮ።»

«ተው!» አለች፤ እንዲህ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። «የመጨረሻውን ለኬምፓ አባት ሲሠራ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ሁለት ልጅ ወልጄ ነበር። ጠራኝ፣ እጄን በሽርጤ ጠርጌ መጣሁ፣ ሄንድላ ሞሽኮቪች ብዬ አነበብኩለት፤ ተመልሼ ድስቴን አማሰልኩ። ለዚያ ልጅ ነበርኩ ብዬ ለማን ልናገር? በየቅዱሳን ቀን እዚያ ረድፍ ላይ ቆሜ የኛዎቹን ስም እጠራለሁ፣ አሥራ አንዱ ደግሞ ያለ እኔ ማንም የሚያውቃቸው የለም፤ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፣ በተራቸው። ይዣቸው ልሞት ነበር ሐሳቤ። ዳሌዬ አላመመኝም።»

«እኔም እኮ ሰምቼ ነበር» አልኳት። «ከጠረጴዛው ስር። ያን ጊዜ። ዛሬ ጠዋትም እያወቅሁ ነው የቀባሁት።»

አየችኝ። ተያየን፤ ከዚያ ሁለታችንም ዓይናችንን ወደ ሰም ጨርቁ መለስን። እናትና ልጅ ራቁታቸውን የተያዩ ያህል ነበር።

ቦዠና በዚህ መካከል ገባች፤ ብርዱን ይዛ፣ እጇ ከሳሙናው ቀልቶ። ሾርባውን ስትቀዳ ቆየሁና፣ «ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነው፤ ከተቀባ አራት ሰዓት ሳይሞላው ካጠብኩት ይለቃል» አልኩ። «ከዚያ ድንጋዩን እናንሳው። ወደ ኮረብታው እንመልሰው። የቀሩትን አሥሩንም እማዬ ለቄሱ ለአባ ታዴኡሽ ትናገር፤ እሳቸው ቤተሰቦቹን ያነጋግራሉ።»

«ምን አልክ?» አለች እህቴ። ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። «አያቴ ለቅዱሳን ቀን ያለ ድንጋይ? ደግሞ አሥሩን? አሥር ቤት ነው እኮ! ነገ ዳቦ ቤት ማን ሰላም ይለናል? እኔ ቢሮ ገብቼ ምን ብዬ ነው የምቀመጠው? እማዬ፣ ንገሪው እንጂ!»

እናቴ ከጠረጴዛው ተነሳች። ሳህኖቹን አጠበች፣ አንድ በአንድ አደረቀች፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ደረደረች። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ምን እንደምታስብ አውቅ ነበር። አቶ ኬምፓ በየክረምቱ ከሰሏን ያስገቡላታል፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን ከጎኗ የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። በዚህች ከተማ ሰው የሚቀጣው በዝምታ ነው፤ አንዴ ከጀመረ እስከ ልጅ ልጅ ይደርሳል። ሲሚንቶው ከተቀባ ሦስት ሰዓት ሊሞላው ነበር።

«ከተማው ያውቃል፣ ቦዠና» አለች በመጨረሻ፤ ጀርባዋን እንደሰጠችን። «የማያውቅ መስሎ መቆሙ ነው የሰለቸኝ። አባቴ ለዘንድሮ ከእንጨት መስቀል ስር ይተኛ፤ ከሱ የተሻሉ ተኝተዋል።» ጨርቁን አጣጥፋ ምድጃው ጠርዝ ላይ ሰቀለችው። «ሉቴክ፣ ሄደህ ፍራይዳን አጥባት። በቀስታ፣ በጣትህ፤ በማንኪያ አትፋቃት።»

«ስሞቹንስ?»

«እናገራለሁ። ነገ ጠዋት ከቅዳሴ በፊት፣ ለአባ ታዴኡሽ፣ በየድንጋዩ ፊት ቆሜ።» ካፖርቷን ከመስቀያው አወረደች። አንዱ እጅጌ አልገባ ብሏት ስትታገል እህቴ ተነስታ እጅጌውን ያዘችላት። «ኬምፓ ግን ከቄስ አይሰማውም። እናቱ በማን ድንጋይ ስር እንደተኛች ከኔ አፍ ይስማ። አሁኑኑ እሄዳለሁ፤ ከመምሸቱ በፊት።»

«ላድርስሽ?»

«እስከ በሩ» አለች። «ግቢ ውስጥ ግን ብቻዬን እገባለሁ። ያነበብኩት እኔ ነኝ።»